የወደቀው ሃርድ ዲስኬ ውስጥ ጥቁር ዱቄት አገኘሁ፣ "ካርቦን ነው" ተባልኩ፣ ታዲያ ለምን አላዳነውም?

ቤቲ_ካሜራ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ፎቶግራፈር ነኝ፣ ሰርግ ልደት ምርቃት ምናምን እሰራለሁ፣ እና ባለፈው ወር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬ ፎቶ እየገለበጠ እያለ ገመዱ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ ከጠረጴዛ ላይ ዱብ አለ። ጠረጴዛው እኮ ከወገቤ በታች ነው፣ ወለሉ ላይም ምንጣፍ አለ። አንስቼ ስሰካው ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብቻ፣ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አላውቀውም አለ። ደንግጬ ሰፈር ያለ አንድ ሱቅ ወሰድኩት፣ ልጁ እዛው ባንኮኒ ላይ በካቻቢቴ ፈታው፣ ጥጥ አልኮል ነከረና እያየሁት ወልወል ወልወል አደረገው፣ መልሶ ገጥሞ ሲሰካው ጠቅታው ጠፍቶ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ሲጢጥ ማለት ጀመረ። በቃ አለቀ።

ፋይሎቹን ተስፋ ቆርጫለሁ (ግማሹ ሌላ ቦታ ነበር፣ የአንዷ ሙሽራ ሰርግ ግን ከነመልሱ ሄደ፣ አትጠይቁኝ)። አሁን ያልገባኝ ሌላ ነገር ነው። ሬሳውን ይዤ ቤት ገባሁና ከፍቼ አየሁት። ዲስኩ መስታወት በሉት፣ ቅንድቤን አስተካክዬበታለሁ ስላችሁ። ግን ወደ መሀሉ ጠጋ ብሎ ዙሪያውን የዞረ ጭረት አለ፣ ልክ እንደ ድሮ የዘፈን ሸክላ መስመር፣ በጥፍሬ ስሄድበት ይታወቀኛል። ጥግ ላይ ደሞ ጥፍር የምታክል ነጭ ትራስ የመሰለች ጨርቅ አለች፣ እሷ ጠቁራለች፣ ስነካት እርሳስ ስቀርፅ እጄ ላይ እንደሚቀረው አይነት ጥቁር ነገር ለቀቀችብኝ። ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ አንዱ "ዲስኩ በካርቦን ተሸፍኗል፣ ውፍረቱ 2 እና 3 ናኖሜትር ነው፣ እንዳይጫር የሚጠብቀው እሱ ነው" ይላል።

እና ካርቦን ማለት በኛ ቋንቋ ከሰል አይደል? ከሰል በምን አቅሙ ነው ብረት እንዳይፋቅ የሚጠብቀው? ደሞ 3 ናኖሜትር ምን ያህል ነው፣ ጭራሽ አለ ይባላል? እና የሌላውን ከጠበቀ የኔን ምነው? የሚያውቅ ያስረዳኝ። "ባክአፕ ብትይዢ ኖሮ" የሚለኝን ግን ብሎክ ነው የማደርገው።

ሚኪ_ጥገና፦

ቤቲ እህቴ አይዞሽ፣ የስንቱን አይቻለሁ። ካርቦኑን ለሚያውቁት ልተወውና እኔ የማውቀውን ልበልሽ።

ስትሰሪበት የነበረው 2.5 ኢንች ከሆነ ዲስኩ ጎኑ ከጎኑ 65 ሚሊሜትር ነው፣ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፣ ቁጭ ብለሽ ብታሰይው ጠርዙ በሰዓት 66 ኪሎሜትር ገደማ እየሮጠ ነው። የዴስክቶፑ ትልቁ በ7,200 ሲዞር 129 ይደርሳል። ያንን ሁሉ የምታነበውና የምትፅፈው ትንሿ ክፍል፣ ሄዷ፣ ደሞ ዲስኩን አትነካም፣ ዲስኩ ራሱ እየጎተተ በሚያመጣው ንፋስ ላይ ነው የምትንሳፈፈው። ስታነብና ስትፅፍ በሄዷ ጫፍና በዲስኩ መሀል የሚቀረው ክፍተት 1 ወይም 2 ናኖሜትር ነው። አዎ አልተሳሳትኩም። በ1956 አይቢኤም የመጀመሪያውን ሲያወጣ ክፍተቱ 20 ማይክሮሜትር ነበር (አንዱ ማይክሮሜትር ሺህ ናኖሜትር ነው)፣ ያኔ ያ ራሱ ጉድ ተብሎለታል፣ እንግዲህ ከዛ ወዲህ አስር ሺህ ጊዜ ተጠጋግተዋል ማለት ነው። እና ይሄ ሁሉ እየሆነ እያለ ነው አንቺ የጣልሽው (ይቅርታ፣ ገመዱ የጣለው)። ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ሄዷ ከዲስኩ ውጪ የራሷ መደብ ላይ ተኝታ ስለምትቆይ ምናልባት ይተርፍ ነበር።

የልጁ ነገር ግን ያናድዳል። አልኮሉን ተይው፣ አንዷ የጥጥ ክር ብቻ 10 ማይክሮሜትር ትወፍራለች፣ ሄዷ እንደዛ ተጠግታ ስትበር መንገድ ላይ የተጋደመ ዋርካ ነው የሚሆንባት። ደሞ ከካርቦኑ በላይ 1 ናኖሜትር የምትሆን ልዩ ቅባት አለች፣ ፋብሪካ ውስጥ እኩል ተደርጋ የተቀባች፣ በጥጥ ስትፈትጊያት እኩልነቷ ይሄዳል። ያቺ የጠቆረችው ትራስ ፊልተር ናት፣ ውስጥ የሚዞረውን አየር የምታጣራ። እኔ ዲስክ ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሷን ነው፣ ነጭ ከሆነች ተስፋ አለ፣ ከጠቆረች ለባለቤቱ ሻይ ጋብዤ ነው የምነግረው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። የድሮዎቹ ዲስኮች ሲጠፉ ሄዷ እዛው ዲስኩ ላይ ነበር የምታርፈው። እና ዲስኩን እያለሰለሱት ሲሄዱ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሄዷ ተጣበቀች! ሞተሩ እም እያለ ይጮሃል መዞር ግን አይችልም። ስራ ስጀምር እንደዛ አይነት ያረጀ ሲመጣልኝ በእጄ ቀስ አድርጌ ገፋ ሳደርገው ይነሳ ነበር። ኋላ ፋብሪካዎቹ ማረፊያው ቦታ ላይ ሆን ብለው በሌዘር ጥቃቅን ጉብታ አበጁበት፣ ከዛም ጭራሽ ከዲስኩ ውጪ እንድታርፍ አደረጉ። እኔ ያን ጊዜ ነው ልስላሴ ብቻውን ጠላት እንደሆነ የገባኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን እስከዛሬ ያስረዳኝ የለም።

ጉዳዩ_የለኝም፦

እኔ እስክገባ ድረስ ፊዚክስ ክፍል ነው የመሰለኝ 😂 ለማንኛውም በካርቦን ቀብተው እንዳይጣበቅ ማድረግ ከሆነ እናቴ ምጣድ ስታሟሽ የምታደርገው እሱን አይደለም እንዴ? ጎመንዘር አሻሽታ አሻሽታ ታጠቁረዋለች ከዛ እንጀራው ፏ ብሎ ይነሳል። ናኖቴክኖሎጂ እቤታችን ነበረ እኮ ጎበዝ

ሰሎሜ_ሰበቃ፦

ሰላም። እኔ ጀርመን ሆኜ ሶስተኛ ዲግሪዬን የምሰራው እዚሁ ጉዳይ ላይ ነው፣ ሰበቃና መበላት፣ ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው ስለ ስራዬ በአማርኛ ጠየቀኝ ብዬ ደስታዬን አልችለውም፣ ረዝሞ ቢሰለቻችሁ ዝለሉት።

ከምጣዱ ልጀምር፣ ቀልዱ ከሚመስለው በላይ ቁምነገር አለበት። ሲሟሽ ዘይቱ ይቃጠልና ሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ደርቆ ይጋገራል፣ ካርቦን የበዛበት ጥቁር ቆዳ ይሆናል፣ ሊጡ የሚያገኘው እሱን እንጂ እርጥበት የሚመጠውን ሸክላ አይደለም። ሀሳቡ አንድ ነው፣ ከስር ያለውን ሳትቀይሪ ላዩን ብቻ መቀየር። ግን የምጣዱ ቆዳ ወፍራም ነው፣ ሲበላም እናት ማሰሻ ይዛ ቆማለች፣ ነገ ትመልሰዋለች። ዲስኩ ውስጥ ማሰሻ የሚይዝ ሰው የለም።

አሁን ከሰሉ። ቤቲ ልክ ነሽ ከሰልም ካርቦን ነው፣ እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይትም ካርቦን ነው፣ አልማዝም ካርቦን ነው። ልዩነቱ አቶሞቹ የተያያዙበት መንገድ ነው። አንድ የካርቦን አቶም አራት እጅ አለው በይው። አራቱንም ለአራት ጎረቤት ሰጥቶ በሁሉም አቅጣጫ ሲቆላለፍ አልማዝ ነው፣ አይነቃነቅም። ሶስቱን ጎኑ ላሉት ሰጥቶ እንደ ወረቀት ሲዘረጋ ግራፋይት ነው፣ ወረቀቶቹ እርስ በርስ በደንብ ስለማይተሳሰሩ ይንሸራተታሉ፣ ለዛ ነው እርሳስሽ ወረቀት ላይ የሚቀረው። ዲስኩ ላይ ያለው ሁለቱም አይደለም፣ ሁለቱ ተደበላልቀው ስርአት የሌለው ሰፈር ሆኖ ነው። ስሙን በአማርኛ "አልማዝ መሰል ካርቦን" እንለዋለን፣ እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ዲኤልሲ ነው የሚሉት። ቫኩም ውስጥ የካርቦን አተሞችን በኃይል እያስፈነጠሩ ላዩ ላይ ይተክሏቸዋል፣ ወይም አሴቲሊን ጋዝ (አዎ የብየዳው) በፕላዝማ ይሰባብሩና ከነሃይድሮጅኑ ይለጥፉታል። አልማዝማው ነገር ጠንካራ ያደርገዋል፣ ስርአት የለሽነቱ ደሞ እንደ ብረት የቅንጣት ድንበር ስለሌለው መስታወት መስሎ ይተኛል። ዲስክሽ ላይ ቅንድብሽን ያየሽው በእሱ ውስጥ አሻግረሽ ነው።

3 ናኖሜትር ምን ያህል ነው ላልሽው፣ ጥፍርሽ በሰከንድ 1 ናኖሜትር ገደማ ያድጋል፣ እና ሶስት ስትቆጥሪ ያደገው ያህል ነው። ወደ አስራ ምናምን የአቶም ድርድር። እዚህ ላይ አንድ ሂሳብ ሰርቼልሻለሁ፣ የዲስክሽን የአንድ ፊት ካርቦን ሙሉ በሙሉ ልጠሽ ብትሰበስቢው 0.009 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ነው የሚሆነው፣ የአንዲት ጤፍ ፍሬ ሃያኛዋን አይሞላም! ስለዚህ እጅሽ ላይ የቀረው ጥቁር ዱቄት በአብዛኛው ካርቦን አይደለም፣ ከስሩ ያለው ኮባልት ያለበት ማግኔታማ ብረትና ከእሱም ስር ያለው መስታወት ወይም አልሙኒየም ነው። ጭረቱ በጥፍርሽ ከታወቀሽ ጉዳቱ ካርቦኑን ካለፈ በጣም ቆይቷል። ካርቦኑ የተሰራው ሄዷ አልፎ አልፎ ድንገት ነካ ስታደርገው እንዲያሳልፋት ነው (ሄዷም ራሷ በካርቦን ተቀብታለች)፣ ኮባልቱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ እንዳይዝግም ይጋርደዋል። ከወገብ በታች ካለ ጠረጴዛ ሲወድቅ ግን ሄዷ በጠርዟ ነው የምትመታው፣ አስራ ምናምን አቶም ያንን ምን ያድርገው።

ሚኪ ያልከው መጣበቅ ለኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል ምክንያቱም ትምህርት ቤት ሰበቃ የሚመጣው ከሸካራነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ትንሽ ቦታ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አንድን እቃ በሁሉም ጎኑ አስር ጊዜ አሳንሰው፣ ክብደቱ ሺህ ጊዜ ይቀንሳል፣ ገፁ ግን መቶ ጊዜ ብቻ። እያሳነስክ ስትሄድ ክብደት ምንም ይሆንና ገፅ ንጉስ ይሆናል። አዲስ ፌስታል አፉን ለመክፈት የምታደርገውን ትግል አስታውስ፣ ሁለት ልስልስ ገፅ ሲገጣጠም በብዙ ነጥብ ስለሚነካካ አይላቀቅም፣ መሀሉ ላይ ትንሽ እርጥበት ከገባ ደሞ ውሃዋ ራሷ ትጎትታቸዋለች። ሄዷን የያዛት እሱ ነው። ጉብታዎቹ የሰሩት ስራ የሚነካካውን ነጥብ ማሳነስ ነው።

ካርቦኑ እዚህ ጋ ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ የብረት ገፅ ሲፋቅ ላዩ ላይ ያሉት አቶሞች ጎረቤታቸው ተነቅሎ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፣ ከላይ የመጣውን ሌላ ብረት ያገኙትን ይጨብጣሉ፣ እንደገና ሲንሸራተት ይቦጨቃል፣ መበላት ማለት ይሄው ነው። ካርቦኑ ላይ ግን ባዶዎቹን እጆች ሃይድሮጅን ወይም ከአየሩ እርጥበት የመጣ ነገር ይይዛቸዋል፣ እጁ የሞላ ሰው አይጨብጥህም። ትንሽ ቢፈገፈግ ደሞ ስስ ካርቦን ወደ ተቃራኒው ገፅ ይሻገርና ከዛ ወዲያ የሚተሻሸው ካርቦን ከካርቦን ይሆናል። ስለዚህ "ካርቦን ተንሸራታች ነው" ሲባል ግማሹ ነው የተወራው፣ እኔ ሰውን የምከራከረው እዚህ ላይ ነው፣ የሚያንሸራትተው እጁን የያዘለት ነገር ነው።

አባ_ፖምፓ፦

ልጆች ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ኮምፒውተር ብዙም አላውቅም ልጄ ናት ይሄን ያሳየችኝ። ሰላሳ አመት የናፍጣ ፖምፓና ኖዝል ስሰራ የኖርኩ ነኝ። እኛ ጋራዥ ካርቦን ማለት ጠላት ነው፣ ቴስታታ ስንከፍት "ካርቦን ይዟል" ተብሎ የሚፋቀው እሱ ነው፣ ኖዝሉም ካርቦን ሲይዝ ነው መርጨት ትቶ የሚያንጠባጥበው። እና አዳዲሶቹ ኮመንሬይል የሚባሉት መኪኖች የመጡ ሰሞን ኢንጀክተራቸውን ስፈታ መርፌው ጥቁር ሆኖ አገኘሁት። ልምዱ ያለው ነው የሚጠቁር አልኩና አንድ ረዳት ነበረኝ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አፅዳው ብዬ ሰጠሁት። ልጁ ጎበዝ ነበር እንደ ብር አብለጭልጮ አመጣልኝ። ገጥመን ላክነው። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ተመልሶ መጣ፣ ጭስ፣ ማንኳኳት፣ መርፌው ተፍቆ የተበላበት መስመር በአይን ይታያል። እንደገና ሌላ፣ እንደገና ሌላ። ሶስተኛው ላይ ነው አንድ ከውጭ የመጣ ሰው ያ ጥቁሩ ነገር እኮ ሽፋኑ ነው ያለኝ። ለሶስቱም ከኪሴ ነው የከፈልኩት።

አሁን ልጄ ሰሎሜ የምትይው ካርቦን እሱ ነው ወይስ ሌላ?

ሰሎሜ_ሰበቃ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እሱ ራሱ ነው! ወንድሙ ነው ማለት ይሻላል። የርስዎ መርፌ ላይ ያለው ወፍራሙ ነው፣ 1 እስከ 3 ማይክሮሜትር፣ የቤቲን ዲስክ አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ይቻላል። እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ኮመንሬይል ውስጥ ግፊቱ ከ1,600 እስከ 2,000 ባር ነው፣ መርፌውና ቤቱ መሀል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮሜትር፣ ቅባቱ ደሞ ናፍጣው ራሱ ነው፣ ሌላ ግራሶም ዘይትም የለም። ሰልፈሩ ሲወጣለት ናፍጣው የማቅባት ጉልበቱም አብሮ ቀነሰ፣ እና ያንን ጉድለት እንዲሞላ ነው ይሄ ሽፋን መርፌውና ፕለንጀሩ ላይ የገባው። በብርጭቆ ወረቀት የሄደው እሱ ነው፣ ከስሩ የቀረው ተራ ብረት ነበር። እና ጥፋቱ የርስዎ ብቻ አይደለም፣ ጥቁር ሆኖ የሚጠበቅ እቃ ማን ያውቃል። እንዳይሳሳቱ አንድ ልዩነት ልንገርዎት፣ የጭሱ ካርቦን በነዳጅ ማጠቢያ ይለሰልሳል፣ በጥፍር ይነሳል፣ እኩልም አይደለም። ሽፋኑ ግን ዙሪያውን አንድ አይነት አብረቅራቂ ግራጫ ጥቁር ነው፣ መጨረሻውም በቀጥታ መስመር ነው የሚቆመው።

በነገራችን ላይ በ1998 የወጣው የጂሌት ማክ ስሪ ምላጭ ጫፉ ላይ እሱ ነገር አለ። ስለዚህ ወንዶቹ ስለማታውቁት ነገር አይደለም የምናወራው።

ቤቲ_ካሜራ፦

ጋሼ የሶስት መኪና ብር ከኪስ!! የኔው ይሻላል ማለት ነው 😭

ሰሎሜ በጣም ነው የማመሰግነው፣ የጤፏ ነገር ገደለችኝ። ግን ያልገባኝ አለ፣ ለጋሼ መርፌ 3 ማይክሮሜትር ከቻሉ ለኔ ዲስክ ምን ከለከላቸው? ወፈር አድርገው ቢቀቡት ያቺ ሙሽራ ዛሬ አልበሟን ይዛ ነበር እኮ።

ሚኪ_ጥገና፦

ይሄን እኔ ልመልስ ሰሎሜ ታርመኛለች። ሄዷ የምታነበው ማግኔቱን ነው፣ ማግኔቱ ደሞ ካርቦኑ ስር ነው፣ ካርቦኑን ባወፈርሽው ቁጥር ሄዷ ከማግኔቱ ትርቃለች፣ በራቀች ቁጥር ደብዛዛ ነው የሚታያት። ካሜራሽ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ለጥፈሽ ፎቶ እንደማንሳት ነው። አሁን ለአንድ ናኖሜትር ነው የሚጣሉት፣ ያቺን አንድ ናኖሜትር ከየትም አምጥተው ከካርቦኑም ቢሆን ሸርፈው ዲስኩ ላይ ተጨማሪ ቴራ ያስገባሉ። የጋሼ መርፌ የሚያነበው ነገር የለውም፣ ይወፍር።

ሌላ ደሞ ስለ አየር ስለተነሳ፣ አብዛኞቹ ዲስኮች ወረቀታቸው ላይ የሚሰሩበት ከፍታ 3,000 ሜትር ገደማ ድረስ ነው ይላል፣ ሄዷ የምትንሳፈፈው በአየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ዝቅ ትላለች። አዲሳባ ምንም አትሆንም፣ ሰነቴ ወይም ሰሜን ተራራ ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ ድሮን ቪዲዮ የሚገለብጥ ሰው ካለ ግን ኤስኤስዲ (የሚዞር ዲስክ የሌለውን) ይያዝ። ከ2013 ጀምሮ የወጡት ሂሊየም የተሞሉት ትልልቆቹ የታሸጉ ስለሆኑ እነሱን አይመለከትም።

ሰሎሜ_ሰበቃ፦

ምንም የሚታረም የለውም ሚኪ። አንድ ብቻ ልጨምር፣ ማወፈርም ገደብ አለው፣ ይሄ ካርቦን ሲለጠፍ ውስጡ በጣም ይታመቃል፣ ከመጠን ሲወፍር ከስሩ ካለው ብረት ተላቆ እንደ አሮጌ ቀለም ይፈነቀላል። ለዛ ነው የጋሼ መርፌ ላይ መጀመሪያ ክሮምየም ወይም ሌላ ማጣበቂያ የሚቀባው።

እና አየር ብለሃልና መቼም እሱን ሳልናገር አልተኛም። በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላኖች ከፍ ብለው መብረር ሲጀምሩ የጄኔሬተራቸው የካርቦን ብሩሽ በአጭር ጊዜ ዱቄት እየሆነ አለቀ። እታች ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ብሩሽ! ሲመረመር ላይ ያለው አየር ደረቅ መሆኑ ነው፣ ግራፋይት የሚንሸራተተው የውሃ እንፋሎት እጆቹን ሲይዝለት ነው፣ ውሃው ሲጠፋ እርስ በርሱ ይናከሳል። አሁን ተቃራኒውን ስሙ፣ አሜሪካ አርጎን ናሽናል ላቦራቶሪ ውስጥ አሊ ኤርደሚር የሚባሉ ቱርክ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ ሃይድሮጅን የበዛበት አልማዝ መሰል ካርቦን ሰርተው ደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ ሲለኩት የሰበቃ መጠኑ 0.001 ሆነ። ደረቅ ብረት በብረት ላይ 0.6 አካባቢ ነው፣ ስድስት መቶ እጥፍ። ያንኑ ካርቦን እርጥብ አየር ላይ ስታወጪው ግን ሰበቃው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሃይድሮጅን የሌለው አይነት ደሞ እርጥበት ይወዳል፣ ቫኩም ውስጥ ይነክሳል። እና ሰው "ምርጡ ካርቦን የቱ ነው" ሲለኝ የት ልታስቀምጠው ነው ብዬ ነው የምመልሰው። ያለ አየሩ ጥያቄው ትርጉም የለውም።

ቶማስ_እጠይቃለሁ፦

ሰሎሜ ጥሩ ነው የተፃፈው ግን አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ግራፊን በ2004 ተገኘ ኖቤሉም በ2010 ተሰጠ፣ ከዛን ጊዜ ጀምሮ አለምን ይቀይራል ሲሉን ሃያ አመት አለፈ፣ እኔ እስካሁን ግራፊን ያለበት እቃ ገዝቼ አላውቅም። አንድ አቶም ውፍረት ያለው ካርቦን ካለ ለቤቲ ዲስክ ከዚህ የተሻለ ምን አለ፣ ለምን አይቀቡትም? ወይስ ይሄም የወረቀት ላይ ወሬ ነው?

ሰሎሜ_ሰበቃ፦

ቶማስ ጥርጣሬህ ተገቢ ነው፣ እኔም ከሃሳቡ ጋር ግማሽ በግማሽ ነኝ።

ደስ የሚለው ክፍል፣ በ2021 ከካምብሪጅ የግራፊን ማዕከል የወጣ ስራ አለ፣ ዲስክ ላይ የተለመደውን ካርቦን በግራፊን ተክተው ሲፈትኑት ሰበቃው በግማሽ ቀንሷል፣ ዝገቱንም በተሻለ ይከላከላል፣ ሙቀትም ይችላል። ሙቀቱ ዋና ነገር ነው ምክንያቱም በ2024 የዲስክ አምራቹ ሲጌት ለገበያ ያወጣቸው ከ30 ቴራ በላይ የሆኑት ዲስኮች ሲፅፉ ማግኔቱን በሌዘር ከ400 ዲግሪ በላይ ለቅፅበት ያግሉታል፣ እዛ ሙቀት ላይ የለመድነው ካርቦን ወደ ግራፋይትነት መቀየርና መቃጠል ይጀምረዋል፣ ላዩ ላይ ያለችው ቅባትም ትተናለች። ስለዚህ ዛሬ የሁሉም ራስ ምታት ይሄ ነው።

ደስ የማይለው፣ ግራፊን እንደ ጨርቅ ነው። በ2010 አንድ ታዋቂ ሙከራ ታትሟል፣ በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ መርፌ ሲያንሸራትቱበት አንድ ንብርብር ብቻ ሲሆን ሰበቃው ከፍ አለ፣ ንብርብሩ ሲጨምር ቀነሰ። ምክንያቱ መርፌዋ ስትሄድ ፊት ለፊቷ ይሸበሸባል፣ አልጋ ልብስ በእጅ ስትገፋ እንደሚሰበሰበው። ከስሩ ጋር በደንብ ከተጣበቀ ግን አይሸበሸብም። እና ችግሩ ግራፊኑን መስራት ብቻ አይደለም፣ አንድ ቦታ እንኳ ሳይቀደድ ሳይታጠፍ በሙሉ ዲስክ ላይ አጣብቆ ማስተኛት፣ እሱንም በፋብሪካ ፍጥነት። የተለመደው ካርቦን በሰከንዶች ውስጥ ዲስኩን ይሸፍናል፣ ሲዛነፍም ይታገሳል። እኔ በራሴ ላቦራቶሪ አንዲት የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ግራፊን ሳስተኛ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፣ ከአምስቱ ሶስቱ ጥግ ላይ ይቀደዳሉ፣ አንዷ ላይ ባለፈው ሳምንት የራሴን ፀጉር አግኝቻለሁ።

ግን ተስፋ አስቆራጭ እንዳልሆን፣ ያው በ2010 አይቢኤም ዙሪክና ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች አንድ የማልረሳው ነገር አሳይተዋል። ሲሊከን የተጨመረበት አልማዝ መሰል ካርቦን ጫፍ ሰርተው መስታወት መሰል ገፅ ላይ ሲጎትቱት የተበላው በየአንድ ማይክሮሜትር ጉዞ አንድ አቶም ብቻ ነው። አንድ ሜትር ሙሉ ብትጎትተው አንድ ሚሊዮን አቶም፣ ብዙ ይመስላል አይደል፣ ተሰብስቦ ጎኑ 20 ናኖሜትር የሆነች ኩብ ነው። በዛ ደረጃ ላይ መበላት ቁርጥራጭ መነሳት መሆኑ ይቀርና አንድ አንድ እየተባለ መለቀም ይሆናል። እኔ ይሄን ትምህርት የመረጥኩት ያንን ፅሁፍ አንብቤ ነው።

ጉዳዩ_የለኝም፦

ሰሎሜ ፀጉርሽን ሸፍኚ ባክሽ የኛ ናኖ እንዳይበላሽ 😂😂 እማዬ ሻሽ አስራ ነው ምጣድ ፊት የምትቀመጠው

ቤቲ_ካሜራ፦

ሃሃሃሃ ገደላችሁኝ። በሉ እኔ ዲስኩን አልጣልኩትም፣ ጭረቱ ብርሃን ሲያርፍበት ቀስተ ደመና ይሰራል፣ ማክሮ ሌንስ አድርጌ አንስቼዋለሁ፣ ከዘንድሮ ፎቶዎቼ የወደድኩት እሱን ነው። ማታ እዚህ እለጥፈዋለሁ። ሰሎሜ ለፅሁፍሽ ከፈለግሽው ውሰጂው።

አባ_ፖምፓ፦

ልጄ ሰሎሜ አንድ ጥያቄ ብቻ። ሰሞኑን አንድ ነጋዴ መርፌ አምጥቶልኝ ጥቁር አይደለም፣ ወርቅማ ነው፣ "የመጨረሻው ካርቦን ነው" ብሎ ዋጋውን ሰቅሎታል። ልግዛ?

ሰሎሜ_ሰበቃ፦

ጋሼ ወርቅማ ከሆነ ካርቦን አይደለም፣ ቀለሙ የሚመስለው የታይታኒየም ናይትራይድ ነው፣ የመሰርሰሪያ ጫፍ ላይ የሚቀቡት። ጠንካራ ነው፣ ግን የሰበቃው ነገር ከጥቁሩ ጋር አይገናኝም። ገንዘቡን አይስጡት፣ መርፌውን ከነካርቶኑና ከነቁጥሩ ፎቶ አንስተው እዚሁ ይላኩልኝ፣ ነገ አየዋለሁ። ቤቲ ፎቶውን እፈልጋለሁ!